መድረክ የሚሞቀው ከሁለት ወገን ነው
ለእንጅባራ፣ ለዳንግላና ለአካባቢው ወጣት ባንዶች

ጥር በአዊ የሥራ ወር ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጾም እስኪገባ ሠርጉ ይደራረባል። ጥር 23 ቀን ደግሞ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራን ያጥለቀልቃታል። ቀን ዘንገና ሐይቅን ሲያይ የዋለ እንግዳ ማታ ከተማ ገብቶ ያርፋል፤ ሆቴሎቹም «ባንድ አለን» ማለት ይወዳሉ። ስለዚህ ኪቦርድ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮና ሁለት ድምፃዊ ይዞ የተነሣ የአካባቢው ልጅ የመጀመሪያ ሥራ አያጣም። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ጥሪ ነው። ደጋሹ «ልጆቹ ይችላሉ፤ ቤቱን ግን አላሞቁትም» ይልና በሚቀጥለው ጊዜ ባንድ ከባሕር ዳር ያስመጣል።

ለዚህ በሽታ ብዙዎች የሚያዝዙት መድኃኒት ድምፅ መጨመር ነው። ትልቅ ስፒከር ይከራያሉ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ይዘልላሉ፣ እንግዳው ግን ጆሮውን ይዞ ወደ በረንዳ ይወጣል። ጉልበቱ ያለው ተመልካቹ ጋ ነው። የባንዱ ሙያ ያን ጉልበት መቀስቀስ፣ መቀበልና አሳድጎ መመለስ ነው። ቀጥሎ ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

ቤቱን ቀድማችሁ እወቁት

ሥራ ስትቀበሉ ከዋጋው ቀጥሎ የምትጠይቁት ጥያቄ «ማን ይመጣል?» የሚል ይሁን። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሞሉት አዳራሽና የባንጃ ሽማግሌዎች ከፊት የሚቀመጡበት የሠርግ ድንኳን አንድ ዓይነት ዝግጅት አይፈልጉም። ተማሪው ከየአገሩ የመጣ ስለሆነ ከሁሉም አካባቢ ትንሽ ትንሽ መስማት ይሻል። ሽማግሌው በአዊኛ የተዘፈነ ነገር ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። ሁሉንም ዘፈን በአማርኛ ብቻ አዘጋጅቶ አዊ ውስጥ መድረክ የሚወጣ ባንድ ከቤቱ ግማሹን በር ላይ ትቶት ገብቷል። በአዊኛ መዝፈን የሚችል አባል ከሌላችሁ ፈልጉ፤ እስክታገኙ ድረስ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዜማ ቃሉን በትክክል ከሚያውቅ ሰው ተማሩ። የተሰባበረ ቃል ካለመዝፈን የባሰ ያስከፋል።

ሌላም ነገር አስታውሱ፤ ይህ ሕዝብ ትርኢት ያውቃል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ ፈረስ በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የዋለውን ውለታ የሚያስታውስ ማኅበር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 የተሸለሙ ፈረሶች ሲሰለፉ የሚያይ ሰው ፈረስ መሮጡን ብቻ አይቶ አያጨበጭብም። የጋላቢውን አቀማመጥ፣ የልጓሙን አያያዝ፣ በሙሉ ግልቢያ ላይ ያለን ፈረስ ገትቶ ማዞሩን ያያል። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ተመልካች በመዝለልና በጩኸት አይታለልም፤ ችሎታው ሲታይለት ግን አይቆጥብም። ማሲንቆ መቺው ብቻውን ግማሽ ደቂቃ የሚጫወትበት፣ ከበሮ መቺው ምቱን የሚለዋውጥበት ቦታ አዘጋጁ። የቀሩት አባላት በዚያ ጊዜ ወደ ተጫዋቹ ይዩ። ባንዱ ወደሚያይበት ሕዝቡም ያያል።

የአዝማሪውን ሙያ አትናቁ

የመድረክ ሙቀትን ከማንም ቀድሞ የተካነው አዝማሪ ነው። በጎንደር ወይም በባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዱ ከጠረጴዛው «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ይሰጠዋል። ሰውየው የመጀመሪያውን ስንኝ ይናገራል፤ አዝማሪው በዜማ ይደግመዋል። ያኔ ቤቱ ዝም ይላል፤ ሁሉም ሁለተኛው ስንኝ የት እንደሚያርፍ ይጠብቃልና። ስንኙ ሲመጣ ሳቁ ይፈነዳል፣ ብር ይወጣል፣ ከሌላው ጠረጴዛ መልስ ይነሣል። አዝማሪው በዚያ ሁሉ ውስጥ የዘፈነው ጥቂት ነው፤ ሥራውን የሠራው ቤቱ ነው።

ኪቦርድ የያዘ ባንድ ይህን በቀላሉ ይረሳል። ዘፈኑን እንደ ካሴቱ ከመግቢያ እስከ መውጫ ይጫወትና ለሰው መግቢያ አይተውም። ከዝርዝራችሁ ውስጥ ሁለት ዘፈን ምረጡና መካከላቸውን ክፍት አድርጉ። ድምፃዊው እጁን ሲያነሣ ኪቦርዱ ይቀንስ፣ ከበሮው ብቻ ችክችካውን ይያዝ፣ ማይኩም ወደ ሰው ይሂድ። የሙሽራውን፣ የሙሽሪትንና የሁለቱን ወገን ታላላቆች ስም ከደጋሹ አስቀድማችሁ በወረቀት ተቀበሉ፤ አጠራሩንም ጠይቁ። ስም የተሳሳተ ሙገሳ ከስድብ አይተናነስም።

ወሰኑንም ዕወቁ። የሰውን መልክ፣ ድህነት፣ ወገን የሚነካ ስንኝ ሲመጣላችሁ አትቀበሉ፤ ድምፃዊው በሳቅ አልፎ ወደ አዝማቹ ይመለስ። አንድ ሰው ተዋርዶ የተሣቀበት ሠርግ በማግስቱ የሚነገረው በባንዱ ስም ነው።

ቅደም ተከተሉን በቅኝት አስቡ

ቤት ከሚያቀዘቅዙ ነገሮች ዋነኛው በዘፈንና በዘፈን መካከል ያለው ባዶ ጊዜ ነው። ሰው ለጭፈራ ተነሥቶ ክራር መቺው ሲቃኝ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቀመጣል። የተቀመጠን ሰው እንደገና ማስነሣት ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ክራር ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺሆዬ ሲዛወር ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው። ስለዚህ ዘፈኖቻችሁን በቅኝት ሰብስቡ፤ የትዝታዎቹ በአንድ ላይ፣ የባቲዎቹ በአንድ ላይ ይሁኑ። አቅም ካላችሁ ሁለት ክራር ያዙና አንዱን ለቀጣዩ ቅኝት አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ። ቅኝት መለወጥ ግድ ሲሆን ማሲንቆው ብቻውን ይጫወት ወይም ድምፃዊው ምስጋና ያቅርብ፤ መድረኩ ብቻ ዝም አይበል።

ሌሊቱንም ከፋፍሉት። ሰው ሲበላ ዝግ ያለ ነገር በዝቅተኛ ድምፅ ይበቃል፤ እንግዳ ከጎኑ ካለው ዘመዱ ጋር ይጫወት። ሙሽሮች ሲገቡ አንድ ከፍታ ይኑር፣ ከዚያ ትንሽ አውርዱት። ትልቁን ጭፈራ ለመጨረሻው ሰዓት አቆዩት። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ በነበረበት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ሆቴሎች ለጭፈራ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበር፤ ባንዶቹም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። እንዲያ ያለ ሥራ ጉልበትን በልክ ማውጣት ያስተምራል። ምርጥ ዘፈኖቹን በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የጨረሰ ባንድ እኩለ ሌሊት ላይ የሚያቀርበው የለውም። በመጨረሻ ደግሞ ሰው «ጨምሩ» እያለ ጨርሱ። ሁለተኛውን ጥሪ የምታገኙት ከዚያ ነው።

ልብሱና እንቅስቃሴው ከዘፈኑ ይውጣ

ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ነው። በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግሏል። የሚታወሰው ግን ሽለላና ፉከራን ከጀግና አፍ ወደ ሳክስፎን በማምጣቱ ነው። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ሲወጣ ልብሱና ድምፁ አንድ ነገር ይናገሩ ነበር። ሰባ ዓመት ከሞላው በኋላ ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድስ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘ አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 ሠርቶ የአውሮፓን መድረኮች ዞሯል። የሽለላን ቃል የማይሰማ ሕዝብ ሽለላው ገብቶታል፤ ተጫዋቹ የሚጫወተውን ነገር በሰውነቱ ጭምር ያምንበት ነበርና።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ጎፈር መከራየት አይደለም። ለፍቅር ዘፈን የፉከራ ልብስ፣ ለፉከራ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ሸሚዝ አይስማማም። ለአዊ ዘፈን የአዊን አለባበስና አጨፋፈር ከሚያውቁት ሰዎች ተማሩ። ተወዛዋዥ ካላችሁ ከባንዱ ጋር አብሮ ይለማመድ። በጎጃም የግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን እንደ ይሁኔ በላይ ያሉ ድምፃውያን ያፈራ ቡድን ነው። በእንዲህ ያለው የኪነት ቡድን ዘፋኙ፣ ተጫዋቹና ተወዛዋዡ በአንድ አዳራሽ አብረው ስለሚሠሩ ትከሻው መቼ እንደሚመታ ከበሮ መቺው ያውቃል። ዛሬ ተወዛዋዥን በሠርጉ ጠዋት በስልክ ጠርቶ መድረክ ማውጣት የተለመደ ሆኗል፤ ውጤቱም ከሩቅ ይታያል።

በልምምድ ጊዜ ቆማችሁ ተጫወቱ፤ ተቀምጦ የተለማመደ ሰው መድረክ ላይ እጁ የት እንደሚገባ ይጠፋዋል። አንድ ስልክ ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ልምምዱን ቅረጹና ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ኪቦርድ ተጫዋቹ አንገቱን ደፍቶ ሲያመሽ፣ ድምፃዊው ጀርባውን ሲሰጥ፣ ጊታሪስቱ በዘፈን መካከል ስልኩን ሲያይ ያኔ ይታያችኋል።

ለዕቃው አየሩን አስቡ

እንጅባራ ደጋ ናት፤ ምሽቷ ይቀዘቅዛል፣ ክረምቷ ይረጥባል። የከበሮ ቆዳ እርጥበት ሲገባው ይላላል፣ ድምፁም ይደፈናል። ከመጀመራችሁ በፊት ከፍም ራቅ አድርጋችሁ አሙቁት፤ አታስጠጉት፣ ይሰነጠቃል። የክራር ክር ቤት ውስጥ ተቃኝቶ ወደ ድንኳን ሲወጣ ቅኝቱ ይሸሻል። ስለዚህ ክራሩ መጀመሪያ አየሩን ይልመድ፣ ከዚያ ቃኙት። የማሲንቆ ጭራም ዕጣን ሳይነካው አይጩህ።

ስፒከሮቹን ከማይኮቹ ፊት አድርጓቸው፤ ማይክ ወደ ስፒከር ሲዞር የሚወጣው ፉጨት የሰውን ስሜት በአንድ ጊዜ ይገድለዋል። እንደ ዘንገና ዳር ባለ ሜዳ ስትጫወቱ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም። ተመልካቹን ወደ እናንተ አቅርቡት እንጂ ድምፁን ብቻ አታስጩሁት። ጄኔሬተሩን ከሕዝቡና ከማይክ አርቁ፣ ነዳጁንም ከመጀመራችሁ በፊት እዩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አትቁሙ፤ ከበሮ፣ ማሲንቆና ጭብጨባ ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። ይህን አስቀድሞ የተለማመደ ባንድ መብራት የጠፋበትን ጊዜ የምሽቱ ምርጥ ሰዓት ሊያደርገው ይችላል።

ዕቃ ቀስ በቀስ የራሳችሁ ይሁን። በአዲስ አበባ ሒልተን ዝናን ያተረፈው ዋልያስ ባንድ ከጥንካሬው ምንጮች አንዱ መሣሪያው የአባላቱ መሆኑ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ተጫዋቾች የሚሠሩት በክለብ ባለቤቶች ዕቃ ነበርና ከባለቤቱ የተጣላ ሥራውንም መሣሪያውንም ያጣ ነበር። ከእያንዳንዱ ክፍያ ጥቂት ለዕቃ አስቀምጡ፤ መጀመሪያ ሁለት ጥሩ ማይክና አንድ ትንሽ ሚክሰር፣ ስፒከሩ ይቆይ።

ሒሳቡ ግልጽ ይሁን

ቀብድ ሳትቀበሉ ቀን አትያዙ፤ በጥር ወር በተለይ። የሰዓቱ መጠን፣ ትራንስፖርቱ፣ ምግቡና ቀሪው ክፍያ መቼ እንደሚሰጥ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ሽልማት ብዙ ባንድ አፍርሷል። ብሩ ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ድምፃዊ ነው፤ እንዲያምር ያደረጉት ግን ሁሉም ናቸው። በአንድ ሣጥን ይግባና አስቀድማችሁ በተስማማችሁበት ድርሻ ተካፈሉ።

የሌላ ሰው ዘፈን ብቻ እየተጫወታችሁ ዕድሜ አትፍጁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን በሕዝብ ፊት የማቅረብን መብት ለአመንጪው ይሰጣል። በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣን ዘፈን ሁሉም ይጫወተዋል፤ ስለ አዊ፣ በአዊኛ፣ በራሳችሁ ዜማ የሠራችሁት ግን እናንተን ሳይጠሩ አይገኝም።

የልምምድ ጊዜ የለንም ለምትሉ ደግሞ ኃይሉ መርጊያ አለላችሁ። የዋልያስ ኪቦርድ ተጫዋች ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን ቀረ፤ ለዓመታትም ታክሲ ነዳ። በአውሮፕላን ማረፊያ ደንበኛ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው እያወጣ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሥራው በ2013 በድጋሚ ታትሞ ዓለም ሲፈልገው እጁ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ።

የዚህን ሳምንት ልምምዳችሁን በአንድ ነገር ጀምሩ፤ ከዘፈኖቻችሁ አንዱን ምረጡና ሰው የሚገባበትን ቦታ ክፈቱለት። ቀሪውን ተመልካቹ ያስተምራችኋል።