ለበረዶ ግድግዳና ለከፍተኛ ተራራ የሚሆን ጫማ እንዴት ይመረጣል? ደረጃ በደረጃ

እግርን የሚያሞቀው ደም ነው። ጫማው ያንን ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ ከራሱ የሚያወጣው ሙቀት የለውም። ስለዚህ ጣት የሚቆነጥጥ ጫማ፣ ገበሩ የቱንም ያህል ቢወፍር፣ ይበርዳል። ሲመርጡ ይህን ከልብዎ አያውጡ። ሻጩ ስለ ገበሩ ብዙ ያወራልዎታል፤ እርስዎ ግን ልኩ ላይ ያተኩሩ።

ደረጃ 1፦ የሚሄዱበትን ይጻፉ

ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ የተራራውን ስም፣ የሚሄዱበትን ወር፣ በረዶ ላይ የሚያድሩትን ሌሊት ብዛት። ወሳኙ ሦስተኛው ነው። ማታ ማታ ቤት ወይም ሆቴል የሚገቡ ከሆነ ጫማዎ ሲደርቅ ያድራል። ድንኳን ውስጥ የሚያድሩ ከሆነ ግን ቀን ላብ የጠጣው ገበር ሌሊት በረዶ ሠርቶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

የጻፉት ራስ ዳሸን ወይም ኪሊማንጃሮ (5,895 ሜትር) ከሆነ እዚሁ ያቁሙ። በተለመዱት የእግር መንገዶች ለሚሄድ ሰው ውሃ የማያስገባ ጥሩ የጉዞ ቦት፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲና ባት ላይ የሚታሰር ጌተር ይበቃል። ገንዘብዎን ለሌላ ያቆዩት።

ደረጃ 2፦ ነጠላ ወይስ ድርብ? ይወስኑ

ነጠላ ጫማ ገበሩ ከውጪው ጋር አብሮ የተሰፋ ነው። ድርብ ጫማ ውስጡ ሌላ ለስላሳ ጫማ አለው፤ ያ ውስጠኛ ጫማ ለብቻው ወጥቶ ይደርቃል።

በረዶ ላይ የማያድሩ ከሆነ ነጠላውን ይያዙ። ለምሳሌ ዴንቨር ወይም አውሮራ ነዋሪ ከሆኑና ጥር ላይ እዚያው ኮሎራዶ ውስጥ፣ በዩሬይ ከተማ ወዳለው የበረዶ መውጫ ፓርክ (ዩሬይ አይስ ፓርክ) የሚወርዱ ከሆነ ነጠላው ይሻልዎታል። የፓርኩ በረዶ ሰው የሚሠራው ነው፤ በብርዱ ወራት በአንከምፓግሬ ገደል ጫፍ ከተዘረጉ ቧንቧዎች ውሃ እየተለቀቀ ግድግዳው ላይ ይረጋል። ከተማዋ 2,370 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አትለይም። እዚያ እግርዎን የሚፈትነው ቆሞ መጠበቅ ነው፦ ጓደኛዎ ሲወጣ ገመዱን ይዘው በረዶ ላይ ሲገተሩ። ላ ስፖርቲቫ ኔፓል ኪዩብና ስካርፓ ፋንተም ቴክ ለእንዲህ ያለው ቀን የተሠሩ ነጠላ ጫማዎች ናቸው።

ለአኮንካጓ (6,961 ሜትር) ወይም ለዴናሊ (6,190 ሜትር) ድርብ ይግዙ። ስካርፓ ፋንተም 6000ና ላ ስፖርቲቫ ጂ2 የዚህ ክፍል ናቸው። ዴናሊ ከአኮንካጓ ቢያንስም ወደ ሰሜን ዋልታ የቀረበ ስለሆነ ብርዱ ይከፋል፤ ብዙ ተራራ ወጪዎች በድርቡ ላይ ሌላ ሙሉ የጫማ ሽፋን ይደርባሉ። እንደ ላ ስፖርቲቫ ኦሊምፐስ ሞንስ ያሉት፣ ጌተራቸው አብሮ የተሰፋና ባት የሚሸፍኑት፣ 8,000 ሜትር ለሚያልፉ ተራሮች ናቸው። ዋጋቸው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ለበረዶ ፓርክ የኤቨረስት ጫማ አይግዙ። ይከብዳል፣ በላብ ያጥብዎታል፣ የረገጡበትንም በቅጡ አያሳይዎትም።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጡ ከሆነ ይከራዩ። ሲከራዩም የሚከተሉትን ደረጃዎች አይዝለሉ።

ደረጃ 3፦ ሶሉን ይፈትሹ

የጫማውን አፍንጫ በአንድ እጅ፣ ተረከዙን በሌላው ይያዙ። ለማጠፍ ይሞክሩ። ለቀጥ ያለ የበረዶ ግድግዳ የሚሆነው እምቢ ያለው ነው።

ቀጥሎ የሶሉን ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ። ከፊትም ከኋላም ጎድጎድ ብሎ ወጣ ያለ ከንፈር ሊኖረው ይገባል። ክራምፖኑ፣ ማለትም ከሶሉ ሥር የሚታሰረው ባለጥርስ ብረት፣ የሚነክሰው እዚያ ነው። አውሮፓ ውስጥ ቢ1፣ ቢ2፣ ቢ3 የሚል ደረጃ ይነገርዎት ይሆናል፦ ቢ3 ማለት የማይታጠፍና ሁለቱም ከንፈሮች ያሉት ነው። ቢ2 አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ብቻ አለው፤ ለቀላል ዳገት ይሆናል፣ ለግድግዳ ግን አይመከርም።

ሳጥኑ ላይ ያለው «እስከዚህ ድረስ ብርድ ይችላል» የሚል ቁጥር አያሳስትዎ። አምራቹ በራሱ መንገድ ያወጣው ስለሆነ ከሌላ አምራች ቁጥር ጋር አይወዳደርም።

ደረጃ 4፦ ካልሲውን አስቀድመው ይምረጡ

ተራራ ላይ የሚያደርጉትን ካልሲ ይዘው ይሂዱ። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ቢፈልጉ ከሥሩ አንድ ስስ። ጥጥ እርጥበት ስለሚይዝ ቤት ይተውት። ሁለት ወፍራም ካልሲ አይደርቡ፤ ጫማውን ያጠብና ደምዎን ያግዳል።

ደረጃ 5፦ ከሰዓት በኋላ ይለኩ

እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ያብጣል፤ ከፍታ ላይም እንዲሁ። ጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ይጠባል። ሁለቱንም እግሮች ያስለኩ፣ ትልቁን እግር ይከተሉ። ከዘወትር ጫማዎ በግማሽ ወይም በአንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ቢገኝ አይገረሙ።

ደረጃ 6፦ ውጪውን ባዶውን ይለኩ

ይህ ለድርብ ጫማ ብቻ ነው። ውስጠኛውን ያውጡ። በስስ ካልሲ እግርዎን ወደ ባዶው ውጪ ያስገቡና ጣቶችዎ አፍንጫውን እስኪነኩ ወደ ፊት ይግፉ። ከተረከዝዎ ኋላ አንድ ጣት ተኩል ያህል ክፍተት ይፈልጉ። ጣትዎ ካልገባ ጠባብ ነው። ሁለት ጣት በቀላሉ የሚንሸራተትበት ከሆነ ሰፊ ነው።

ደረጃ 7፦ በሥርዓቱ ይሰሩ

ውስጠኛውን ይመልሱ። ቁጭ ብለው ተረከዝዎን ወለሉ ላይ መታ መታ ያድርጉ፤ እግርዎ ወደ ኋላ ይቀመጣል። ከጣቶቹ በላይ ያለውን ክር ላላ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለውን ጠበቅ አድርገው ይሰሩ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ክሩን ከታች እስከ ላይ እኩል አጥብቆ ይስብና ጣቱ ሲደነዝዝ ጫማውን ይወቅሳል።

ደረጃ 8፦ ተረከዙን፣ ከዚያ ጣቶቹን ይፈትሹ

በእግር ጣቶችዎ ላይ ይቁሙ። ተረከዝዎ ከሶሉ ሊነሳ አይገባም፤ በጣም በጥቂቱ ቢነሳ ምንም አይደል። ብዙ ከተነሳ ዳገት ላይ ውሃ ይቋጥራል።

አሁን ተዳፋት ሰሌዳ ይጠይቁ። ብዙ የተራራ ዕቃ መደብሮች አላቸው፤ ከሌለ ደረጃ ይጠቀሙ። ቁልቁል ይውረዱ። አውራ ጣትዎ ጫፉን ከነካ ይህን ጫማ ያስቀምጡት።

ለበረዶ ግድግዳ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ሻጩን ያስፈቅዱና ግንብ ወይም የእንጨት ጠርዝ በአፍንጫው ይምቱ። ቀስ ብለው ይጀምሩ፣ ከዚያ ጠንከር ያድርጉ። ተራራ ላይ ይህን ምት ቀኑን ሙሉ ይደጋግሙታል፤ ጣት የሚገጭ ጫማ ጥፍር ያጠቁራል። እግርዎ ወደ ፊት ሸርተት ካለ የቁርጭምጭሚቱን ክር እንደገና ያጥብቁና ይድገሙት። አሁንም ከሸረተተ ሌላ ቅርጽ ያለው ጫማ ያምጡልዎት። ቁጥር መቀነስ መፍትሔ አይሆንም።

ደረጃ 9፦ ግማሽ ሰዓት ይቆዩበት

ጫማውን ሳያወልቁ መደብሩ ውስጥ ይዘዋወሩ። መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይቁሙ። ጣቶችዎን ያወዛውዙ፤ ሁሉም መንቀሳቀስ አለባቸው። አንዱ ቢደነዝዝ ወይም ቢነዝር «ሲለመድ ይሰፋል» የሚለውን ምክር አይስሙ። የእነዚህ ጫማዎች ውጪ አይሰፋም ማለት ይቻላል። አንዳንድ ውስጠኛ ጫማ በሙቀት ከእግር ቅርጽ ጋር ይስተካከላል። ይህን ግን ለባለሙያ ይተውት፤ በቤት ምድጃ አይሞክሩት።

ደረጃ 10፦ ክራምፖኑን ይግጠሙ

ክራምፖን ካለዎት ይዘው ይሂዱ። ከሌለዎት ከጫማው ጋር አብረው ይምረጡ። የፊቱን ሽቦ ከንፈሩ ውስጥ ያስገቡ። ሽቦው ግራና ቀኝ ሳይንቀሳቀስ ጠርዙን ይዞ መቀመጥ አለበት፤ ክፍተት ካለ ለአፍንጫው ጠበብ ያለ ሽቦ ይጠይቁ። የኋላውን መቆለፊያ ይጫኑ። ጠንከር ብሎ «ቀጭ» ማለት አለበት።

ማሰሪያ ቀበቶውን ሳያስሩ ጫማውን ከፍ አድርገው ያራግፉት። ክራምፖኑ ከወደቀ ወይም ከተንቀጫቀጨ ርዝመቱን ያስተካክሉና ይድገሙት። ሁለቱንም እግር በየተራ ይፈትሹ። ጥርሱ ስለት ስለሆነ እግርዎ ላይ ሆኖ መደብር ውስጥ አይራመዱ።

ደረጃ 11፦ ያገለገለ ከሆነ ዕድሜውን ይጠይቁ

የድሮ ፕላስቲክ ድርብ ጫማ በርካሽ ይገኛል። ፕላስቲኩ ግን ሲያረጅ ከውጪ ደህና እየመሰለ ከውስጥ ይደክማል፤ ብርድ ላይ በድንገት ይሰነጠቃል። ዕድሜውን የሚነግርዎት ካጡ ይተውት። የሶሉን ማጣበቂያ ዙሪያውን በጥፍርዎ ይሞክሩ፤ ከተላቀቀም ይተውት።

ደረጃ 12፦ ቤት ውስጥ ይልመዱት

ጥቂት ምሽቶች ምንጣፍ ላይ ያድርጉት። ሶሉን አያቆሽሹ፣ ደረሰኙን አይጣሉ። ደረጃ ይውጡ፣ ይውረዱ። የሚፈትግ ቦታ ካገኙ ይመልሱት። ጓንት አድርገው ክሩን ማሰርና መፍታትም ይለማመዱ፤ ባዶ እጅ የማያወጡበት ጠዋት ይመጣል።

ደረጃ 13፦ ተራራው ላይ ያድርቁት

ማታ ውስጠኛውን ያውጡና ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዘውት ይተኙ። የውጪውን ክር እስከ ታች ያላሉት፤ ሲደርቅ አፉን ከፍቶ ይደር። ምድጃ አጠገብ አያስጠጉት፤ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ገበሩም ይቀልጣል።

በኬሚካል የሚሞቁትን ከረጢቶች ጫማ ውስጥ ብዙ አይመኩባቸው። ለመሞቅ አየር ይፈልጋሉ፣ የታሰረ ጫማ ውስጥ ደግሞ አየር የለም ማለት ይቻላል። ቦታ ይዘው ጣት ማጥበባቸው ይብሳል።

ጠዋት ገና ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ሳሉ ውስጠኛውን ያድርጉ። ውጪውን መጨረሻ ላይ ያጥልቁ፣ ክሩን ይሰሩ። ሩብ ሰዓት ከተራመዱ በኋላ ቆም ይበሉና ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንደገና ያጥብቁት፤ ጠዋት የታሰረ ክር ሲራመዱበት ይላላል።