ሱባኤ ልትገቡ ነው? ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መድኃኒታችሁ እናውራ

ፍልሰታ በቀረበ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ዶክተር፣ ሱባኤ ልገባ ነው፤ መድኃኒቴን ምን ላድርገው?» ዛሬ ከራሴ ቤተሰብ ተነስቼ ልመልስላችሁ።

አክስቴ የሚኖሩት አሊዩ አምባ ነው። ለማታውቁት፣ ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ አንኮበር ከደረሳችሁ በኋላ ቁልቁለቱን ወደ ምሥራቅ ስትወርዱ የምታገኟት የቆላ ከተማ ናት። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረበት ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሸቀጡን የሚያራግፈው እዚያ ነበር። ዛሬም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ ይኖርባታል። አክስቴ ስኳር ካለባቸው ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ክኒን ጠዋት ጠዋት ይወስዳሉ።

እኔ ደግሞ ያኔ በጣም ደክሞኝ ነበር። ተረኛ ሆኜ የማድርባቸው ሌሊቶች ተደራርበው፣ ቤቴ ተኝቼ እንኳ ስልክ የጮኸ እየመሰለኝ እባንናለሁ። «ና ልጄ፣ አንድ ሱባኤ አብረን እንያዝ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ስልኬን አዲስ አበባ ትቼ አንኮበር ላይ ተገናኘን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጸሎት አላልኩም፤ ራሴን ይዤ ነው የዋልኩት። ምክንያቱ ቡና ነው። በቀን አራት አምስት ስኒ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ራስ ምታቱ በቀን ውስጥ ይጀምርና ጥቂት ቀናት ይቆያል። «ፈተና መጣብኝ» ብላችሁ እንዳትደነግጡ፤ ከመሄዳችሁ ሳምንት አስቀድማችሁ ቀስ በቀስ ቀንሱ። በሦስተኛው ቀን ግን ከማኅሌት በኋላ እንዲህ ዓይነት እንቅልፍ መኖሩን የረሳሁትን እንቅልፍ ተኛሁ። ኤልያስ በበረሃ ሞቱን ሲለምን መልአኩ መጀመሪያ የሰጠው ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? እንጎቻና ውኃ። በላ፣ ተኛ፣ ደግሞ በላ፤ አርባውን ቀን የተጓዘው ከዚያ በኋላ ነው።

በአራተኛው ቀን ነገሩ ተገለበጠ። የፍልሰታ ቅዳሴ የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ስድስት ሰዓት አካባቢ አክስቴ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። አስቡት፣ ነሐሴ ነው፣ አንኮበር ነው፣ ጉሙ ሰውን ከሰው አያሳይም፤ እኛ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን እንንቀጠቀጣለን። ከዚያ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተዛባ፣ ሰው ሲይዛቸው ይቆጡ ጀመር። አጠገባችን የነበሩት ሴቶች «መንፈስ ነው፣ ጸበል አምጡ» አሉ። አልፈርድባቸውም፤ የስኳር መውረድ በትክክል እንደዚያ ነው የሚመስለው።

መለኪያ አልያዝኩም ነበር። ግን ስኳር ያለበት ሰው፣ ሳይበላ፣ ካላበውና ከተወናበደ መለኪያ ፍለጋ አይኬድም፤ ወርዷል ብላችሁ አክሙት። ስኳር በውኃ በጥብጬ ስሰጣቸው አፋቸውን ገጠሙ። «ጾሜን አታስፈታኝ!» ያዳነኝ አንድ አባት ነው፤ «እናቴ፣ ሕመምተኛ አይከለከልም፤ ጠጪ» ሲሏቸው ጠጡ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስሜን ጠሩኝ።

ጥፋቱ የማን ነው? ክኒኑን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንደታዘዘላቸው ውጠውታል። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን ቀስቅሶ ኢንሱሊን ያስረጫል፤ ሆዱ ባዶ ይሁን ሙሉ አይጠይቅም። እኔ ሐኪሙ የወንድማቸው ልጅ የመድኃኒት ካርዳቸውን ስንቴ አይቼዋለሁ፤ «አክስቴ፣ እስከ ስንት ሰዓት ይጾማሉ?» ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ሰው እንዲህ ሲሆን ካያችሁ፣ መዋጥ ከቻለ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙት፣ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ጤና ተቋም አሩጡት። ይህን ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ቢነቃም ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። አክስቴንም ያን ቀን ወስደን አሳደርናቸው።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቁሙ፣ ሰዓቱንም በራሳችሁ አትቀይሩ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ሐኪማችሁን «እስከዚህ ሰዓት እጾማለሁ» በሉት፤ ብዙውን ጊዜ የሚስተካከል ነገር አለ። ኢንሱሊን የምትወጉ፣ በተለይ ዓይነት አንድ ስኳር ያለባችሁ፣ ባትበሉም ሙሉ በሙሉ ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ በሽታው ብሶ ሊመለስ ይችላል። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት ክኒን ውኃ ሳይጠጡ ረጅም ሰዓት ቆሞ ከማስቀደስ ጋር ሲገናኝ ሰው ይጥላል።

የኤችአይቪና የቲቢ መድኃኒት ለምትወስዱ፣ ማቋረጥ ቫይረሱና ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል። በ1999 ዓ.ም. ብዙ ሕሙማን እንጦጦ ጸበል ሲገቡ መድኃኒታቸውን ይተዉ በነበረበት ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል። ክኒኑን በጸበሉ ብትውጡትም ችግር የለውም።

አክስቴ ከዚያ በኋላም ሱባኤ ይገባሉ። ሐኪማቸው መድኃኒቱን ቀይሮላቸዋል፤ የነፍስ አባታቸውም ጠዋት ቁርስ እንዲቀምሱ ፈቅደውላቸዋል፣ እያጉረመረሙ ይቀምሳሉ። ወደ አሊዩ አምባ ስንመለስ የሆነውን ሁሉ ለጎረቤታቸው ነገሯቸው። እኚህ ሙስሊም እናት እሳቸውም ስኳር አለባቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ተገርመው እኔን አዩኝ፦ «እኔ እኮ ረመዳን ሳይገባ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ሰዓቱን አስቀይሬ ነው የምጾመው። ለሷ ማንም አልነገራትም?»