ስለ ነፍሰ ጡር ሴት የልብ ኀዘን

በጅማ ዞን በጎማና በአጋሮ የቡና ለቀማ ወራት በደረሰ ጊዜ ሰው ሁሉ ለሥራ ይወጣል፤ ነፍሰ ጡሯም ድካሟን ሳትናገር አብራ ትወጣለች። ድካም በዕረፍት ይርቃል። ነገር ግን ኀዘን ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልለቀቃት፥ እንቅልፍ ካጣች፥ ከጎረቤት ቡናም ከቀረች፥ ይህ ስንፍና ወይም ኩራት አይደለም፤ ሕክምና ያለው ደዌ ነው።

«ምን ጐደለሽ?» ብሎ መገሠጽ ያብሰዋል፤ «ምን ከበደሽ?» ብሎ ጠይቆ መስማት ግን ሸክሟን ያቀላል። ባሏም ውሃውንና እንጨቱን ያግዛት።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ለተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ነገሩን ማስታወቅ ይገባል። ሞትን የምትመኝ ብትሆን ግን ብቻዋን ሳትተው በዚያው ቀን የአእምሮ ሐኪም ወዳለበት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ትወሰድ። ለእናቲቱ የተደረገው ሁሉ ለሕፃኑም ነውና።