ጠላና ዓሣ፦ የቅምሻ ምሽት ለሐይቅና ለአምባሰል ባለሆቴሎች ያዋጣል?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የሐይቅ ከተማ አንድ ባለሆቴል የሚሸጠው ጠርሙስ ቢራ ጎረቤቱ ከሚሸጠው የተለየ አይደለም። የኮምቦልቻው ቢራ ፋብሪካ በ1990ዎቹ ከተቋቋመ ወዲህ ምርቱ ለአካባቢው ቅርብ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ በሚያቀርብበት ገበያ ዋጋ ጨምሮ ማትረፍ አይቻልም፤ ደንበኛው መንገድ ተሻግሮ ይጠጣል። ትርፉን ማስፋት የሚሻ ነጋዴ ሌላው ዘንድ የሌለ ነገር ማቅረብ ይኖርበታል።

አነስተኛ ጠማቂዎች በበዙባቸው እንደ ቤልጂየምና አሜሪካ ባሉ አገሮች ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ የቅምሻ ምሽት ነው። እንግዳው አስቀድሞ ቦታ ይይዛል፤ የተለያዩ ቢራዎች በትንሽ ብርጭቆ፣ እያንዳንዳቸው ከሚስማማቸው ምግብ ጋር ይቀርቡለታል፤ ሒሳቡም ለምሽቱ በአንድ ላይ ይከፈላል። በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ቢር ጋርደን ኢን ቢራውን ራሱ ጠምቆ ከምግብ ጋር በማቅረብ ስም አትርፏል። ለሐይቅ ወይም ለአምባሰሏ ውጫሌ ባለሆቴል ግን የመጥመቂያ መሣሪያ መግዛት የግድ አይደለም። ጠማቂዎቹ በየሠፈሩ ያሉት የጠላ ባለሙያዎች ናቸው።

ምን ከምን ይስማማል?

ፋብሪካ ለቢራው ምሬት ሆፕ ይጠቀማል፤ ጠላ ጠማቂዋ ጌሾ። ብቅሉ፣ የተቆላው እህልና በወይራ የታጠነው ጋን ደግሞ ለጠላው የራሱን ጠረን ይሰጡታል። ከአንድ ጥንስስ ጉሹ፣ የተጣራውና ቅራሪው ሊገኙ ስለሚችሉ ባለሆቴሉ በአንድ ጊዜ ሦስት ዓይነት መጠጥ እጁ ይገባል ማለት ነው። ከምግብ ጋር ሲጣመሩ ሦስት ደንቦችን መያዝ ይበቃል።

አንደኛ፣ ቅባት ያለው ምግብ ምሬት፣ አረፋና ቀለል ያለ ኮምጣጣነት ይፈልጋል። በዘይት ለተጠበሰ ቆሮሶ የተጣራ ጠላ ወይም ቀዝቃዛ ቢራ አፍ ያጥባል፤ የጠላው ኮምጣጣነት የሎሚን ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛ፣ በርበሬ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በውኃ አይሟሟም፤ ጠንካራ አልኮልና ብርቱ ምሬት ደግሞ ቃጠሎውን ያብሱታል። ስለዚህ ለዓሣ ወጥና ለአዋዜ የሚሻለው ቅራሪ ወይም ጣፋጭ ብርዝ ነው። ከእነዚህ ጋር አረቄ ማቅረብ ስህተት ነው።

ሦስተኛ፣ በከሰል የተጠበሰ ምግብ ከጠቆረ መጠጥ ጋር ይስማማል። እህሉ በደንብ ተቆልቶ የተጠመቀ ጥቁር ጠላ ከፍም ጥብስ ጋር አንድ ዓይነት ጠረን ስላለው አንዱ ሌላውን ያጎላዋል።

ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ ይሁን። ጉሹ ቀድሞ ከቀረበ ቅራሪው ውኃ ውኃ ይላል።

ዓሣው ለምን ይቀድማል?

በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን ይኖራል፤ በሥጋ ላይ ግን የማን ቢላዋ አረደው የሚለው ጥያቄ ገበታውን ይለያል። ዓሣ ይህ ጥያቄ አይነሳበትም፤ በጾም ወራትም ብዙ ሰው ይመገበዋል። ቆሮሶ ወደ ሐይቅ ሐይቅ የገባው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ዛሬ የአካባቢው ዋነኛ የዓሣ ምርት ሆኗል። ለባለሆቴሉ ዓሣ ሰፊውን ደንበኛ የሚሰበስብ ምግብ ነው።

መጠጡም ይህንኑ መከተል አለበት። ጠላ ብቻ ያዘጋጀ የከተማውን ትልቅ ገበያ በር ዘግቶበታል። ከገብስ የሚዘጋጀው ቀሪቦና ከማር የሚበጠበጠው ብርዝ በእኩል ክብር፣ በተለየ ማንቆርቆሪያና ብርጭቆ ይቅረቡ። አልኮል ባለበት መቀመጥ ለማይፈልግ ደግሞ የተለየ ምሽት ይዘጋጅ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ሁለቱም ስኳርነት ስላላቸው ከቆዩ ይፈላሉ፤ አልኮልም ያበጃሉ። በዕለቱ ተዘጋጅተው በዕለቱ ያልተሸጡ መደፋት አለባቸው። በዚህ ላይ አንድ ጊዜ የታማ ቤት እምነቱን መልሶ አያገኝም።

ሒሳቡ

ለ30 እንግዳ አራት አራት ዓይነት፣ እያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ቢቀርብ የሚያስፈልገው 12 ሊትር ብቻ ነው። መጠጡ በአማካይ 5 በመቶ አልኮል ቢኖረው አንድ ሰው የሚጠጣው 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይሆናል፤ ይህም በዚያው ጥንካሬ ካለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ቢራ ትንሽ ብልጫ አለው። ስለዚህ እንግዳው ሳይሰክር ይበላል፤ ገቢውም በሊትር ሳይሆን በገበታ ይታሰባል።

የጠላ ነጋዴዋ ዋና ኪሳራ ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ቶሎ መኮምጠጡ ነው። ሳይሸጥ የቀረውን በርካሽ ትለቃለች ወይም ትደፋለች። እንግዳው ቀድሞ ቀብድ ከከፈለ ግን መጠኑ ይታወቃል፤ ጠማቂዋም በትእዛዝ ትጠምቃለች። ባለሆቴሉ ዋጋውን ተከራክሮ ከማውረድ ይልቅ ከተለመደው ጨምሮ ቢከፍላትና ጥራቱን ቢቆጣጠር ያዋጣዋል፤ የንግዱ ልዩነት ያለው በእሷ እጅ ነውና። ዓሣውንም ዋጋ ከሚንርበት የዐቢይ ጾም በፊት ከአጥማጆቹ ጋር ተዋውሎ መያዝ ይበጃል።

ሕጉም ይታሰብ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ማስታወቂያ በጠበበበት ጊዜ ጠግቦና ተደስቶ የወጣ እንግዳ የሚያወራው ወሬ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ጀማሪ በ30 እንግዳ፣ በወር አንድ ምሽት ቢሞክር የሚያጣው ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ምሽት ሒሳብ ሲዘጋ መታየት ያለበት ስንት ብር እንደገባ ብቻ አይደለም፤ ከተቀመጡት ውስጥ ስንቱ ለሚቀጥለው ወር ቀብድ ጥሎ እንደወጣ ነው።