ጀልባ በጎኑ ሲያዘነብል ለምን ይዞራል?

ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የደቡብ ጎንደርን ደጋ ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ተወላጆች ከደንገል አስረው የሚሠሩት፣ ፊቱ ሹል ሆኖ ወደ ላይ ቀና ያለው ታንኳ ለደብረ ታቦር ተማሪ እንግዳ አይደለም። ለመሆኑ ይህ ቅርጽ ከመዞር ጋር ምን ያገናኘዋል? መልሱን ለማግኘት አስቀድመን ካያክ የተባለውን ጀልባ እንመልከት።

ካያክ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩ አዳኞች የፈለሰፉት ጠባብና ረጅም ጀልባ ነው። በዛሬው ዘመን ለባሕር የሚሠራው 5 ሜትር ያህል ይረዝማል። ቀዛፊው ጉልበቱን ከጀልባው ጋር አጣብቆ ስለሚቀመጥ፣ በዳሌው ብቻ ጀልባውን ወደ ጎን ሊያዘነብለው ይችላል። በዚህ ጊዜ ውኃ ውስጥ ያለው ቅርጽ ይለወጣል፤ ለውጡም በሁለት መንገድ ይገለጻል።

አንደኛው የርዝመት ለውጥ ነው። የጀልባው ወገብ ሰፊ ስለሆነ ጎኑ ሲጠልቅ ጫፎቹ ከውኃው ከፍ ይላሉ። ጀልባ በመካከሉ ዙሪያ ሲሽከረከር እያንዳንዱ ክፍል ውኃውን ወደ ጎን የሚገፋበት ፍጥነት ከመካከሉ ባለው ርቀት መጠን ያድጋል። የውኃው ተቃውሞ ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ይጨምራል። ይህንን በርቀቱ አባዝተን በጠቅላላው ርዝመት ስንደምር፣ መዞርን የሚቃወመው ቶርክ ከርዝመቱ አራተኛ ፓወር ጋር እንደሚመጣጠን እናገኛለን። ለምሳሌ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ውኃ ውስጥ ያለው ርዝመት ከ5 ወደ 4 ሜትር ቢያጥር፣ ተቃውሞው 0.8 በአራተኛ ፓወር፣ ማለትም ወደ 41 በመቶ ይወርዳል።

ሁለተኛው የጎኖቹ መበላለጥ ነው። የጠለቀው ጎን ይበልጥ ይጎብጣል፤ ሌላው ይቃናል። ጀልባው ወደ ፊት ሲሄድ በጎበጠው በኩል የሚያርፈው የውኃ ግፊት ስለሚበልጥ ፊቱን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። በመሆኑም አብዛኛው የባሕር ካያክ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወደ ግራ ይዞራል፤ የብስክሌት ተቃራኒ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ጀልባ እኩል አያዘነብልም። ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ጀልባዎች መካከል የአንዱ ስፋት እጥፍ ቢሆን፣ ለጥቂት ሲያዘነብሉ ከስፋቱ የሚመነጨው መላሽ ቶርክ 8 እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ታንኳችን እንመለስ። ማገዶ በላዩ በተከመረ ጊዜ የክብደቱ ማዕከል ከፍ ስለሚል ማዘንበል የመገልበጥ አደጋ አለው። ቀና ያለው ፊቱ ግን ከመነሻው ከውኃ በላይ ስለሆነ፣ ካያኩ በማዘንበል የሚያገኘውን ጥቅም በከፊል ሳያዘነብል ይሰጠዋል። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ፣ ጭነቱም እየበዛ ሲሄድ ግን ታንኳው ይጠልቃል፤ ፊቱም ውኃ ይነካል። ያን ጊዜ ለመዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል።

አንባብያን ይህን በሳፋ ውኃ ሊፈትኑት ይችላሉ። እኩል ርዝመትና ክብደት ያላቸው ሁለት እንጨቶች ጠርባችሁ የአንዱን ታች ቀጥ፣ የሌላውን ጫፎች ወደ ላይ ቀና አድርጉ። ጫፋቸውን በጣት ገፋ አድርጋችሁ የትኛው ፈጥኖ እንደሚዞር ተመልከቱ። ከዚያም ሁለቱንም በጠጠር ጭናችሁ ድገሙት፤ ልዩነቱንም መዝግቡ።