የእምቧይ ካብና የድንጋይ ካብ፦ ያለ ሲሚንቶ የሚቆም የአትክልት ስፍራ ግንብ ፊዚክስ

በቀላሉ የሚፈርስን ነገር «የእምቧይ ካብ» ማለት የቆየ አነጋገር ነው። እምቧይን ያየ ሰው የአነጋገሩን ትክክለኛነት ወዲያው ይረዳል። ክብና ልሙጥ የሆነው ይህ ፍሬ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢደራረብ፣ ከሥር ያለው አንዱ እንደተነካ ሁሉም ይንከባለላል። በአንጻሩ ገበሬው በማሳው ጠርዝ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ የሚክበው ድንጋይ፣ ልጆች እየተንጠላጠሉበት፣ ከብት እየታከከበት ለብዙ ዘመን ይቆማል። ሁለቱም ካብ ናቸው፤ ሁለቱንም የሚያጣብቅ ነገር የለም። ታዲያ አንዱ የሚፈርሰው፣ ሌላው የሚቆመው ስለምን ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ተማሪዎች በሚያውቁት የሜካኒክስ ትምህርት እንመረምራለን፤ ከዚያም አንድ ጀማሪ ለአትክልት መደቡ ከ1 ሜትር ያልበለጠ ደጋፊ ካብ እንዴት እንደሚሠራ እንመለከታለን።

ጥያቄው ለእኛ የወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት በመኖሪያ ግቢያችን፣ ከአትክልት መደቡ ግርጌ፣ ቁመቱ ከወገብ የማይበልጥ የድንጋይ ግንብ አሠርተን ነበር። ይጠነክራል በሚል እምነት ክፍተቶቹን ሁሉ በሲሚንቶ አስደፈንን። ግንቡ ሁለት ክረምት ቆመ። በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ማግስት፣ ከመሠረቱ ወደፊት ተንሸራትቶ ተደርምሶ አገኘነው። ልጆች ቀን ቀን የሚጫወቱት በዚያው ግንብ ሥር ነበር። ሜካኒክስ የሚያስተምር ሰው አስቀድሞ መሥራት የሚገባውን ስሌት ከመደርመሱ በኋላ መሥራቱ የሚያሳፍር ነው፤ ስሌቱ ግን ለሌላው ስለሚጠቅም እነሆ እናቀርበዋለን።

ግንቡን የሚገፋው ምንድን ነው?

ተማሪዎች የኤሌክትሪክ ሙሌቶችን በሚመለከተው ሕጉ የሚያውቁት ፈረንሳዊው ሻርል ኦጉስተን ኩሎምብ፣ ከዚያ ሥራው በፊት ወታደራዊ መሐንዲስ ነበር። በማርቲኒክ ደሴት ምሽግ ሲያሠራ ከግንብ ጀርባ ያለው አፈር ምን ያህል እንደሚገፋ ማወቅ አስፈለገው፤ የደረሰበትንም ውጤት እ.ኤ.አ. በ1773 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ራንኪን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1857 ጉዳዩን ይበልጥ በቀለለ ቀመር ገለጸው። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ አፈር እንደ ጠጣር አካል ራሱን ችሎ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ እንደ ፈሳሽም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ክብደቱን በከፊል ስለሚይዝ፣ ወደ ጎን የሚገፋው ከክብደቱ ጥቂቱን እጅ ብቻ ነው።

የአፈሩ የውስጥ ሰበቃ ማዕዘን 30 ዲግሪ ቢሆን፣ ይህ እጅ (1 − ሳይን 30) ÷ (1 + ሳይን 30)፣ ማለትም አንድ ሦስተኛ ይሆናል። የ1 ሜትር ኩብ አፈር ክብደት 18 ኪሎ ኒውተን ነው እንበል። ግፊቱ ከላይ ዜሮ ሆኖ ወደ ታች እየጨመረ ስለሚሄድ፣ 1 ሜትር ቁመት ባለው ግንብ ላይ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት የሚያርፈው ጠቅላላ ኃይል ½ × ⅓ × 18 × 1² = 3 ኪሎ ኒውተን ነው። ይህም ኃይል ከመሠረቱ በቁመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ እንደሚያርፍ ይቆጠራል።

ካቡ በምን ይመክታል?

መልሱ በክብደቱና በሰበቃ ነው። የካባችን ውፍረት ከታች 60፣ ከላይ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በአማካይ 50 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ በአንድ ሜትር ርዝመት ግማሽ ሜትር ኩብ ይይዛል። የባዛልት፣ ማለትም የተለመደው ጥቁር ድንጋይ፣ እፍግታ በሜትር ኩብ 2700 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ሩቡ ክፍተት ነው ብንል፣ የአንዱ ሜትር ካብ ክብደት ወደ 10 ኪሎ ኒውተን ይጠጋል። ካቡ በጠጠር መሠረት ላይ ቢያርፍና የሰበቃው መጠን 0.6 ቢሆን፣ መንሸራተትን የሚከላከለው ኃይል 6 ኪሎ ኒውተን ነው። የሚገፋው 3 ብቻ ስለሆነ ካቡ ሁለት እጥፍ አቅም አለው።

አሁን ወደ ተደረመሰው ግንባችን እንመለስ። ክፍተቶቹ በመደፈናቸው የዝናቡ ውሃ መውጫ አጥቶ ከጀርባው ተጠራቀመ። ውሃ የውስጥ ሰበቃ ስለሌለው ወደ ጎን የሚገፋው በሙሉ ክብደቱ ነው፦ ½ × 9.8 × 1² = 4.9 ኪሎ ኒውተን። አፈሩ በውሃው ተንሳፋፊ ኃይል ስለሚቀል የራሱ ግፊት ወደ 1.5 ገደማ ዝቅ ይላል፤ ድምሩ ግን 6.4 ኪሎ ኒውተን ነው። ግፊቱ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ሲሚንቶው የግንቡን ክብደት ወደ 12.5 ኪሎ ኒውተን ቢያደርሰውም፣ ከሥሩ የነበረው ሸክላማ አፈር ርሶ የሰበቃው መጠን ወደ 0.4 ሲወርድ፣ የመከላከያው ኃይል 5 ብቻ ሆነ። 5 ደግሞ 6.4ን አያቆምም። ጥንካሬ ይጨምራል ያልነው ነገር የመውደቂያው ምክንያት ነበር።

በሲሚንቶ የሚሠራ ደጋፊ ግንብ በሙሉ ይወድቃል ማለታችን አይደለም፤ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳና ከጀርባው ጠጠር ያስፈልገዋል። ደረቅ ካብ ግን መላ አካሉ ቀዳዳ ነው። የኮንሶ ሕዝብ ይህን በተግባር ካወቀ ቆይቷል። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክአ ምድር እርከኖች የድንጋይ ካቦች፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳሉ። አፈሩን ይይዛሉ፤ የተረፈውን ውሃ ያሳልፋሉ። ይህ ቁመት ግን የትውልዶች ልምድና የማያቋርጥ ጥገና ውጤት እንጂ ለጀማሪ የሚሆን ልክ አይደለም።

አሠራሩ

1. ቦታውን በሲባጎ ለክተን፣ ለም አፈሩን አንስተን፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ እንቆፍራለን፤ ከታች ጠጠር አንጥፈን እንጠቀጥቃለን። መረሬ አፈር ሲርስ ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፣ ባለበት ቦታ ይበልጥ ጠልቆ መቆፈርና በጠጠር መተካት ይገባል።

2. ለአንድ ሜትር ርዝመት አንድ ቶን ያህል ድንጋይ ያስፈልጋል። ትልልቆቹን ለመሠረት፣ ጠፍጣፎቹን ለመክደኛ ለይተን እናስቀምጣለን። እንደ እምቧይ ክብ የሆኑትን ለግንባር አንጠቀምባቸውም፤ የሚነካኩበት ቦታ ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይንከባለላሉ።

3. እያንዳንዱ ድንጋይ ረጅሙ ጎኑ ወደ ካቡ ውስጥ እንዲገባ ሆኖ ይቀመጣል። ቢያንስ በሦስት ነጥቦች ማረፍ አለበት፤ በሁለት ነጥብ ያረፈ ይወዛወዛል። የሚወዛወዘው ከኋላ በኩል በትንሽ ድንጋይ ይሸበለቃል።

4. አንዱ ድንጋይ ሁልጊዜ በሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ ይረፍ። መጋጠሚያዎች ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ከገጠሙ፣ ክብደቱ ወደ ጎን ስለማይሰራጭ ካቡ በዚያ መስመር ይከፈላል።

5. ግንባሩ በየ1 ሜትር ቁመት 20 ሴንቲ ሜትር ወደ አፈሩ ያዘንብል። ይህ የስበት ማዕከሉን ወደ ኋላ በማራቅ መገልበጥን ይከላከላል።

6. መካከሉ በአካፋ በሚጣል አፈር ሳይሆን በእጅ በሚደረደሩ ትናንሽ ድንጋዮች ይሞላል። በግማሽ ቁመቱ ላይ፣ በየሜትሩ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ አንድ ረጅም ድንጋይ ይግባ፤ ሁለቱን ፊቶች የሚያስረው እርሱ ነው።

7. ከጀርባው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ጠጠር እየሞላን ወደ ላይ እንወጣለን፤ በመጨረሻም ከባድና ጠፍጣፋ ድንጋዮችን እንከድናለን።

ድንጋይ በመዶሻ ሲፈለጥ የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ፣ ሲነሣም ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት መነሣት የግድ ነው። ተዳፋቱን በዝናብ ወቅት መቆፈርም አይገባም።

ስለ ቁመት አንድ ማስጠንቀቂያ

ግፊቱ በቁመት ካሬ፣ የመገልበጥ ሞመንቱ ደግሞ በቁመት ኩብ ያድጋል። ቁመቱ 2 ሜትር ቢሆን ግፊቱ 4 እጥፍ፣ ሞመንቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱ ካልተለወጠ ግን ክብደቱ የሚያድገው 2 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ከ1 ሜትር በላይ የሚፈልግ፣ ወይም ከላይ ቤት ወይም መንገድ ያለበት ሰው፣ መሐንዲስ ያማክር።

ደረቅ ካብ ሌላም መልካም ጠባይ አለው፦ ከመፍረሱ በፊት ብዙውን ጊዜ ሆዱ ገፍቶ ያስጠነቅቃል፤ የገፋው ክፍል ተፈትቶ በዚያው ድንጋይ እንደገና ይካባል። እንግዲህ ተማሪዎች ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በየግቢያቸውና በየትምህርት ቤታቸው ያሉትን ደጋፊ ግንቦች እንዲመለከቱ እንመክራለን። ውሃ ማስወጫ አላቸው? ቀዳዳዎቹ በአፈር ተደፍነዋል? ሆዳቸው ገፍቷል? የታየውን ለሚመለከተው ኃላፊ መንገር፣ ይህን ስሌት ከመሥራት እኩል የትምህርቱ ክፍል ነው።

መልመጃ፦ 1.5 ሜትር ቁመት ላለው ደረቅ ካብ፣ የላይኛው ውፍረት 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ በመንሸራተት ላይ የሁለት እጥፍ አቅም እንዲኖረው የታችኛው ውፍረት ስንት መሆን አለበት?