ከሠዓሊነት ወደ ነጋድራስነት፦ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ድሬዳዋ

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ደራሲ ተብለው ይታወቃሉ፤ «ነጋድራስ» የሚለው ማዕርግም ከስማቸው ጋር ጸንቶ ቀርቷል። ቀዳሚ ሙያቸው ግን ሥዕል ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ ሠዓሊው የት ቀረ? የሚል ነው።

በ1868 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ በ1887 ወደ ኢጣልያ ተልከው በቶሪኖ በአልበርቲና አካዳሚ ሥዕል ተማሩ። ተመልሰውም ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሣሉ፤ የእንጦጦም ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሥራቸው ይቈጠራል። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ግን አልተስማሙም። በ1894 ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ፤ በዓድዋ ዘመቻ ጊዜም ወደ ኢጣልያ ወገን ዞሩ።

የሠዓሊነታቸውን መቋረጥ በዚህ ቅራኔ ብቻ መተርጐም አያጠግብም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን የኖረውን የመልክ ሠዓሊ ጆሹዋ ሬይኖልድስን ለንጽጽር እንውሰድ። ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ አይወዱትም ነበር፤ ሆኖም በ1768 የተቋቋመው የሥዕል አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። መልኩን ለማስሣል ገንዘብ ይዞ ደጁ የሚመጣ መኰንን፣ ነጋዴና ተዋናይ ሞልቶ ነበርና የንጉሡ ፊት መጥቈር ሥራውን አላስፈታውም። በሸዋ ግን ለሠዓሊ የሚከፍለው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የሁለቱም በር ደግሞ ከአንድ ግቢ ይከፈታል። እቴጌይቱን ያስቀየመ ሠዓሊ ሌላ ደንበኛ ከወዴት ያገኛል?

አፈወርቅ የሰው መልክ መቅረጹን በብዕር ቀጠሉ። በ1908 «ልብ ወለድ ታሪክ»ን፣ በ1909 ደግሞ የምኒልክን ታሪክ ሮማ ላይ አሳተሙ፤ ይህንን ሁለተኛውን እኔ የማነበው እንደ መልክ ሥዕል ነው። ከዚያ በጅቡቲ ነገዱ፤ በ1922 የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ።

ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ድሬዳዋ በ1902 ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከከዚራ በደቻቱ ወንዝ የሚለየው መጋላም ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡና ሕንዱ በጥሬ ገንዘብ የሚገበያዩበት ሰፈር ነበር። በሸዋ የታጣው ከፋይ ነጋዴ እዚህ ነበረ፤ ሠዓሊው ግን በ54 ዓመታቸው የመጡት ቀረጥ ሊያስከፍሉ ነው። የመልክ ሥዕልንም ቦታ ፎቶግራፍ መውሰድ ጀምሮ ነበር፤ በአዲስ አበባ አርመናውያኑ ቦያጂያኖች የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ሆነዋል።

አፈወርቅ በኋላ በዲፕሎማትነት ወደ ሮማ ተላኩ፤ በወረራው ዘመን ለኢጣልያ ዐደሩ፤ በ1947 በጅማ ዐረፉ።